ወደቡን ይዞ የሚዞር ጀልባ

ወረታ ወደብ አላት፤ ውሃ ግን የለበትም። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ የሚያስተዳድረው ደረቅ ወደብ ከጅቡቲ በመኪና የመጣ ኮንቴይነር የሚራገፍበት ግቢ ነው። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ የሩዝ ማሳውን አቋርጦ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ጣና አለለት፤ እዚያ ውሃው ሞልቷል፣ ወደብ ግን የለም። በዚህ ፎገራ በሚባል አንድ ወረዳ ውስጥ ወደብ ያለ ውሃ፣ ውሃም ያለ ወደብ መገኘታቸው ቀልድ ይመስላል። ቢሆንም ከዚህ ተነሥቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወረራ ስለተሠሩ ጀልባዎች ማውራት ይቻላል። የእነዚያ ጀልባዎች ነዳፊዎች የተሰጣቸው እንቆቅልሽ የፎገራ ዳርቻ ነዋሪ ዘወትር የሚያውቀው ነበርና፤ ውሃው ጥልቀት የለውም፣ መሬቱ ረግረግ ነው፣ ጀልባ የሚታሰርበት መድረክ የለም፣ ጭነቱ ግን መውረድ አለበት።

መጀመሪያ ዳርቻውን እንየው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። እንዲህ ይስፋ እንጂ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ከፍ ይላል፣ በበጋ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ በዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ዘጌ ወይም ጎርጎራ ላይ፣ ዳሩ ድንጋይና ቁልቁለት በሆነበት፣ ይህ ልዩነት ድንጋይ ላይ የሚቀር የእርጥበት መስመር ከመሆን አያልፍም። ፎገራ ላይ ግን መሬቱ ቁልቁለት የለውም። ርብና ጉማራ ለዘመናት ከጉና በኩል ጠርገው ያመጡት ደለል የሞላው ሜዳ ስለሆነ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ላይ ማለት ብዙ ርቀት ወደ ጎን ማለት ነው። የአገሩ ሰው ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት ባሕር ሽሽ ይለዋል፤ ያርሰዋል፣ ይዘራበታል፣ ይካሰስበታል። መስከረም ላይ ጀልባ የሚንሳፈፍበት ቦታ ጥር ላይ የጓያ ማሳ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ ወደብ ለመሥራት የሚነሣ መሐንዲስ የቱ ላይ ነው የሚሠራው? ክረምት ባለው ዳር ላይ ቢገነባ በበጋ ወደቡ ከእርሻ መካከል ይቀራል። የበጋውን ዳር ተከትሎ ቢገነባ ክረምት ይውጠዋል። ሁለቱን የሚያገናኝ ረጅም ድልድይ ቢዘረጋ ደለሉ ሥሩን ይሞላበታል። በ1996 እ.ኤ.አ. በአባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨራጨራ መከላከያ የሐይቁን ከፍታ በመጠኑ ለመቆጣጠር አስችሏል፤ የፎገራን ዝርግነት ግን አይለውጥም። (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታትና ከእነርሱ ጋር የሚጠሩት ወራትና ቀናት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ችግር የጥንቱ መልስ ታንኳ ነው። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ከሥሩ ጠፍጣፋ ነው፤ የሚንሳፈፈው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳይሆን የተሠራበት ነገር ራሱ ስለሚንሳፈፍ ነው። ስለዚህ ቢነካ አይሰበርም፣ ውሃ ቢገባበት አይሰጥምም። ባለቤቱ እስከ ረግረጉ ድረስ ይገፋዋል፣ ወርዶ ይጎትተዋል፣ ጭነቱን ያወርዳል፣ ታንኳውን እንዲደርቅ ዳር ላይ ያቆመዋል። ወደብ አያስፈልገውም፤ ዳርቻው ሁሉ ወደቡ ነው። በዚህ ሙያ የታወቁት ወይጦዎች የሚያስሩት ታንኳ የቱን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የውጭ ሰዎችም አምነውበታል፤ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለማቋረጥ ሲነሣ ደንገሉን ያስቆረጠው ከጣና ነበር። ያች የመጀመሪያዋ ጀልባ ውቅያኖስ ላይ ተፈታታች፤ በሚቀጥለው ዓመት እንዲሁ ከኢትዮጵያ ደንገል የተሠራችው ሁለተኛዋ ግን ከሞሮኮ ተነሥታ ባርቤዶስ ደረሰች።

የታንኳ ጣጣው ዕድሜውና ጉልበቱ ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ በወራት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ጥቂት ሰውና ጥቂት ሸክም ይችላል እንጂ ሠራዊት አያሻግርም። ይህን ከማንም በላይ የተመኘውና የተቸገረበት አፄ ቴዎድሮስ ነበር። የጣና ደሴቶች የነገሥታትና የገዳማት ሀብት መደበቂያ ስለነበሩ፣ የዳሞትና የጎንደር መንገድም በሐይቁ ዙሪያ ስለሚሄድ፣ በውሃው ላይ ኃይል ያለው ሰው ብዙ ነገር በእጁ ያደርግ ነበር። በ1866 ራሳምና ብላንክ የተባሉት የእንግሊዝ መልእክተኞች ቋራጣ ተቀምጠው ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ዘጌ ላይ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች ያሠራ ነበር። እነዚህ ከተለመደው ታንኳ የሚለዩት በጎናቸው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ስለተገጠመላቸው ነው፤ የእንፋሎት መርከብ ያለ እንፋሎት መሆኑ ነው። ሐሳቡ ከጋፋት የመድፍ ፋብሪካ ጋር የአንድ ሰው አእምሮ ልጅ ነው፤ የሰማውን የፈረንጅ መሣሪያ ባለው ቁስ ለመሥራት መድፈር። ጀልባዎቹ ተንቀሳቅሰዋል፤ ዝግ ብለው። ከሁለት ዓመት በኋላ መቅደላ መጣ፤ ጣናም የጦር መርከብ ሳይኖረው ቀረ።

ቴዎድሮስን የምጠቅሰው ለጌጥ አይደለም። የጦርነት ጀልባ ነገር ምን ጊዜም ሁለት ጥያቄ እንዳለው ስለሚያሳይ ነው። አንደኛው እንዴት ይሻገራል የሚለው ነው፤ መንኮራኩሩም ሞተሩም ለዚህ መልስ ናቸው። ሁለተኛው እንዴት ያወርዳል የሚለው ነው። ለዚህኛው ጥያቄ ፈረንጆቹም ቢሆኑ እስከ 1940 ድረስ ረብ ያለው መልስ አልነበራቸውም።

በዚያ ዓመት ግንቦትና ሰኔ የእንግሊዝ ጦር ከደንከርክ ዳርቻ ሰውን አወጣ፤ ታንክና መኪናውን ግን ትቶ ሸሸ። ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ጀልባ ይሳፈራል፤ 30 ቶን ታንክ ይህን አያደርግም። ቸርችል ወደዚያው አህጉር መመለስ እንዳለበት ሲያስብ የጎደለው ይኸው ነበር፤ ታንክን ወደብ በሌለበት አሸዋ ላይ የሚያወርድ መርከብ። የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከሐይቅ ነው። ቬኔዝዌላ ውስጥ ማራካይቦ የሚባል ነዳጅ የሚወጣበት ሐይቅ አለ። መውጫው ላይ የተከመረው አሸዋ ጥልቅ መርከብ ስለማያሳልፍ ነዳጅ የሚያመላልሱት መርከቦች በልዩ ሁኔታ ጥልቀት የማይፈልጉ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። እንግሊዞች ከእነዚህ ሦስቱን፣ ሚሶአን፣ ታሳሄራንና ባቻኬሮን፣ በ1941 ወስደው ፊታቸውን ቆርጠው በር ገጠሙላቸው። የነዳጅ ጀልባ ታንክ ጫኝ ሆነ። ባቻኬሮ በሚቀጥለው ዓመት ማዳጋስካር ላይ ሥራዋን ጀመረች።

ከዚያ በኋላ አሜሪካኖች ገቡበት። ጆን ኒደርማየር የተባለ የባሕር ኃይላቸው መሐንዲስ በኅዳር 1941 የነደፈው መርከብ ከአንድ ሺህ በላይ ተሠርቷል። የተጠየቀው ነገር እርስ በርሱ የሚቃረን ነበር። ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መርከብ ሥሩ ጠልቆ መግባት አለበት፤ ያለዚያ ማዕበል ይገለብጠዋል። ዳር የሚወጣ መርከብ ደግሞ ሥሩ ከውሃው ጥቂት ብቻ መግባት አለበት፤ ያለዚያ ሩቅ ላይ ይቀራል። ኒደርማየር መርከቡ እንደየቦታው ክብደቱን እንዲለውጥ አደረገ። ውቅያኖስ ላይ በሆዱ ያሉትን ጋኖች በባሕር ውሃ ይሞላቸዋል፣ ይከብዳል፣ ይረጋል። ዳር ሲቀርብ ውሃውን በፓምፕ ይተፋዋል፣ ይቀላል፣ ከፍ ይላል። በመጨረሻ ፊቱ 1 ሜትር ከ20፣ ኋላው 3 ሜትር ያህል ውሃ ውስጥ ሆኖ የዳርቻውን ቁልቁለት መስሎ አሸዋው ላይ ይቀመጣል።

መውጣቱስ? መርከቡ ገና ሩቅ ሳለ ከኋላው መልህቅ ይጥላል፤ ገመዱን እየለቀቀ ወደ ዳር ይገባል። ሲጨርስ በዚያው ገመድ ራሱን ወደ ኋላ ይጎትታል። ከፊቱ ሁለት ትልልቅ በሮች ወደ ጎን ይከፈታሉ፣ ከውስጥ የብረት መወጣጫ ወደ አሸዋው ይዘረጋል፤ ታንክና መኪና በራሳቸው እግር ይወርዳሉ። ክሬን የለም፣ ተሸካሚ የለም። ርዝመቱ 100 ሜትር የሆነ መርከብ፣ ወደቡን ይዞ ይዞራል።

እነዚህ መርከቦች የት ተሠሩ የሚለው ደግሞ ባሕር በር የለንም እያለ ለሚቆዝም አገር ሰው የሚያስደንቅ ነው። በባሕር ዳርቻ ያሉት የአሜሪካ መርከብ መሥሪያዎች ሥራ ስለበዛባቸው አብዛኞቹ ከባሕር እጅግ ርቀው፣ በኦሃዮና በኢሊኖይ ወንዞች ዳር ባሉ የእርሻ አገር ከተሞች ተሠሩ። ኤቫንስቪል፣ ሴኔካ፣ ጀፈርሰንቪል የሚባሉት ከዚያ በፊት ስማቸው ከውቅያኖስ ጋር ተጠርቶ አያውቅም። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ብየዳ ተምሮ መርከብ ሠራ፤ መርከቡም ወንዙን ተከትሎ እስከ ኒው ኦርሊንስ ወረደ።

ከጀፈርሰንቪል ከወጡት አንዷ 510 ቁጥር የተሰጣት ናት። ስም አልነበራትም፤ በጦርነት እንዲያልቁ የተሠሩ መሣሪያዎች ስም አይወጣላቸውም። በ1943 ተሠርታ በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ኖርማንዲ ላይ ኦማሃ ከተባለው ዳርቻ ሠራዊት አወረደች። እዚያ ዳርቻ የሆነው ነገር የዚህ ምዕራፍ ዋና ማስረጃ ነው። የተባባሪዎቹ አገሮች ጦር ወደብ ስለሌለ ወደብ ሠርቶ እየጎተተ አመጣ፤ የኮንክሪት ግድግዳዎችና ተንሳፋፊ ድልድዮች ነበሩ። በሰኔ 19 የተነሣው ማዕበል የአሜሪካኖቹን ወደብ ሰባበረው። ከዚያ በኋላ ሌላ መላ አልቀረምና መርከቦቹን ባሕሩ ሲሞላ አሸዋው ላይ አውጥተው፣ ባሕሩ ሲሸሽ በደረቁ አራገፏቸው፤ ሲሞላ እንደገና አንሳፈፏቸው። ከተሰበረው ወደብ ይጠበቅ ከነበረው በላይ ዕቃ ወረደ። ፎገራና ኖርማንዲ የሚለያዩት በዚህ ነው፤ እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል ይሸሻል፣ እዚህ በዓመት አንድ ጊዜ። በኖርማንዲ ዳር ላይ የተቀመጠ መርከብ ከሰዓታት በኋላ ይንሳፈፋል፤ ጥቅምት ላይ ፎገራ ላይ የተቀመጠ ግን የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ሊኖርበት ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ዓለም ላይ በሺህ የሚቆጠር በር ያለው መርከብ ተረፈ። አብዛኛው ተቆራርጦ ብረቱ ተሸጠ። የቀሩት የገቡበት ሥራ ግን ከጦርነቱ ይልቅ የዘለቀ ሆነ፤ በእኔ እምነት የእነዚህ መርከቦች እውነተኛ ታሪክም እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ፍራንክ ባስታርድ የሚባል የቀድሞ የመርከብ ኩባንያ ሰው ነበር። ከጦርነቱ በፊት ርካሽ የአትላንቲክ ጉዞ ለማቋቋም ሞክሮ ሳይሆንለት ቀርቷል። እነዚህ መርከቦች አሸዋ ላይ መኪና ሲያወርዱ ሲያይ ሌላ ነገር ታየው፤ ታንኩ ጭነት መኪና ቢሆንስ? በ1946 ሦስት መርከቦች ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል ተከራየ። በዚያው ዓመት መስከረም ከለንደን አጠገብ ካለው ቲልበሪ ወደ ሮተርዳም የመጀመሪያውን ጉዞ አደረገ፤ በ1948 ከፕሬስተን ወደ ሰሜን አየርላንድ ላርን መስመር ከፈተ። ከዚያ በፊት የመኪና ጭነት ባሕር ሊሻገር ከሆነ ሳጥን በሳጥን ከመኪናው ይወርዳል፣ በክሬን መርከብ ይገባል፣ ማዶ ላይ እንደገና ይወጣል፤ በየመካከሉ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ይዘገያል። በባስታርድ መርከብ ግን ሾፌሩ ራሱ እየነዳ ይገባል፣ ማዶ እየነዳ ይወጣል። ዛሬ መኪና የሚጭኑ መርከቦች ሁሉ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ከውጭ ገዝተን በጅቡቲ የምናስገባቸው መኪኖች እየተነዱ ከመርከብ የሚወርዱት ታንክ ያወርዱ ከነበሩት መርከቦች በተገኘው ዘዴ ነው። ግሪኮች ደግሞ ትርፍ የሆኑትን ማሳረፊያ ጀልባዎች በደሴቶቻቸው መካከል መኪና ማመላለሻ አደረጓቸው፤ አሁንም እዚያ ፊቱን ዳር ላይ ጥሎ መኪና የሚያወርደው ክፍት ጀልባ ቅርጹ የዚያው ነው።

ወደ 510 እንመለስ። ከጦርነቱ በኋላ ዓመታት ያለ ሥራ ቆማ፣ በ1955 ስም ተሰጣት፣ በ1958 ከባሕር ኃይል መዝገብ ተፋቀች። የገዟት ሰዎች የቨርጂኒያን ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ መኪና የሚያሻግሩ ነበሩ። መድፏን አወለቁ፣ የመንገደኛ ማረፊያ ሠሩባት፣ ሌላ ስም አወጡላት። ለጥቂት ዓመታት ሠራች። በ1964 በዚያ ባሕር ላይ ግዙፍ ድልድይና ዋሻ ሲከፈት የመኪና ማሻገር ሥራ በአንድ ቀን ቆመ። እዚህ ላይ የብዙ ጀልባ ታሪክ ያበቃል። የእርሷ ግን ወደ ሌላ ውሃ ሄደ፤ ወደ ሰሜን ወጥታ በዴላዌር ባሕረ ሰላጤ ኬፕ ሄንሎፐን ተብላ አገለገለች፣ ከ1983 ጀምሮ ደግሞ ኮኔቲከት ካለው ኒው ለንደን ወደ ሎንግ አይላንድ ጫፍ መኪናና ሰው ታሻግራለች። ለዕረፍት የሚሄዱ ቤተሰቦች መኪናቸውን የሚያቆሙበት ወለል የኦማሃ ታንኮች የቆሙበት ነው። ለጥቂት ወራት ጦርነት የተሠራ ዕቃ ይህን ያህል ዘመን የሠራው ለየት ያለ ብረት ስለነበረው አይመስለኝም። በሩ ነው ያኖራት። ሥራ የሚፈልግ በር።

በሩን ያጣው ምን እንደሚሆን ደግሞ በአንዲት እንግሊዛዊት ጀልባ ይታያል። 7074 ቁጥር ያላት ታንክ ጫኝ በሚያዝያ 1944 ታይን ወንዝ ላይ ወደ ውሃ ገብታ፣ ሰኔ 7 ኖርማንዲ ላይ አሥር ታንክ አወረደች። ከጦርነቱ በኋላ ለሊቨርፑል መርከበኞች ማኅበር ተሰጠችና ክበብ ሆነች፤ ቆይቶም የምሽት ጭፈራ ቤት። ባለችበት ታስራ ሰው እየጠጣባት አረጀች። በመጨረሻ በርከንሄድ ወደብ ውስጥ ሰጠመች፤ በ2014 ከጭቃው ተነሥታ በብዙ ወጪ ታድሳ ከ2020 ጀምሮ በፖርትስመዝ ሙዚየም ደጃፍ ቆማለች። በኖርማንዲ ወረራ ከተሰለፉት ከ800 በላይ የእርሷ ዓይነት ታንክ ጫኞች የተረፈችው እርሷ ብቻ ናት። ክብር ነው። ግን እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ከሙዚየሟ ይልቅ መኪና በምታሻግረዋ ነው የምቀናው።

ኢትዮጵያም ከዚያ ጦርነት ትርፍ ድርሻዋን አግኝታለች። ባሕር ኃይላችን በ1950ዎቹ ምጽዋ ላይ ሲቋቋም ኖርዌያውያን መኮንኖች ረድተውታል፤ በ1962 ደግሞ አሜሪካ ኦርካ የተባለች መርከብ ሰጠች። ኦርካ ማሳረፊያ ጀልባ አልነበረችም፤ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅና ጥይት የምታቀርብ፣ የምትጠግን እናት መርከብ ነበረች። እርሷም የሐይቅ ልጅ ናት፤ የተሠራችው በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ነው። በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ውሃ ላይ ጦርነቱን ካሳለፈች በኋላ ምጽዋ መጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች። የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች፤ ከጎንደርም ከአርሲም የመጡ፣ ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች የከዋክብትን አቅጣጫ ማንበብ የተማሩባት ናት። በ1991 መንግሥት ሲወድቅ ከሌሎች መርከቦች ጋር ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እንደ 510 ሌላ ውሃ ልታገኝ አልቻለችም። ባለቤቷ ባሕር አልነበረውም፤ እርሷም በፊቷ በር አልነበራትም።

የፎገራን ነገር ስናስብ ግን ከቼሳፒኩ ድልድይ ታሪክ ጋር የሚመሳሰል አለ። አስፋልቱ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ከሄደ በኋላ የሐይቁ ምሥራቅ ዳር ለጭነት ጀልባ ሥራ አላስቀረም። ወረታ ላይ መንገዱ ተቆርጦ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ስለሚሄድ ከተማዋ የመኪና መገናኛ ሆነች። ሩዙ በአይሱዙ ይወጣል። የጣናዋ ሳምንታዊ ጀልባ ጣናነሽ ለረጅም ዘመን ከባሕር ዳር ተነሥታ በደቅ ደሴት፣ በቁንዝላና በደልጊ አድርጋ ጎርጎራ ስትገባ መስመሯ ሁሉ ደሴቶቹንና ምዕራቡን ዳር ይዞ ነበር። መንገድ ያልደረሰላቸውና ጀልባ ሊጠጋባቸው የሚችሉት እነርሱ ናቸውና። ፎገራ ሁለቱንም አይደለም፤ መንገድ አለው፣ መጠጊያ የለውም።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጣናነሽ ሁለት የተባለችው 38 ሜትር ርዝመት ያላት አዲስ ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ ወደ ጣና መጣች። መንገድ ላይ ወራት ወስዶባታል። የገዛት ያው የወረታን ደረቅ ወደብ የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው። መርከብ በአስፋልት ላይ ሲሄድ ማየቱ ብዙ ሰው አስደነቀ፤ ኢሊኖይ ላይ የበቆሎ ማሳ ዳር መርከብ ሲሠሩ ያዩ ገበሬዎችም እንዲሁ ሳይደነቁ አልቀሩም። ጀልባዋ ለጣና ትልቅ ነገር ናት፤ ግን እርሷም መድረክ ትፈልጋለች።

አስፋልቱ የማይመልሰው ጥያቄ ክረምት ላይ ይመጣል። ርብና ጉማራ ከዳራቸው ሲወጡ፣ ጣናም ከፊት ሞልቶ ውሃውን አላሳልፍ ሲል፣ ፎገራ ራሱ ሐይቅ ይሆናል። በ2006 ክረምት እንደሆነው ያለ ጎርፍ ሲመጣ መንደር በውሃ ይከበባል፤ መኪና አይደርስም፣ ታንኳ የቤት ዕቃና ከብት አያወጣም፣ ሥሩ ጠልቆ የሚገባ የሞተር ጀልባ አጥርና ድልድል ላይ ይሰካል።

ለዚህ ዓይነቱ ውሃ የተሠራ ጀልባ ከ80 ዓመት በፊት ነበረ። የኒው ኦርሊንሱ አንድሩ ሂጊንስ ጀልባዎቹን መጀመሪያ የሸጠው ለጦር ሠራዊት አልነበረም፤ በሉዊዚያና ረግረግ ውስጥ ለሚሠሩ አዳኞችና ነዳጅ ፈላጊዎች ነበር። ያ ረግረግ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ እምቦጭ የወረረው ነው፤ በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የታወቀውና ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምንና ደምቢያን ያስለቀሰው ያው አረም። ሂጊንስ ፕሮፔለሩን ከጀልባው ሥር በተቀረጸ ጎድጓዳ ውስጥ ደበቀው፤ ግንድ ቢመታው እንዳይሰበር፣ አረሙ እንዳይጠመጠምበት። ፊቱን ደግሞ ዳር ላይ ወጥቶ እንዲመለስ አድርጎ አጠነከረው። ከዚያ ጃፓኖች ሻንጋይ ላይ በ1937 ሲጠቀሙበት ፎቶ የተነሣ ፊቱ የሚከፈት ጀልባ ነበርና የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ያንን ፎቶ ሲያሳየው ለራሱ ጀልባም መወጣጫ ገጠመለት። ኖርማንዲ ላይ ወታደር ያወረደችው ትንሿ ጀልባ ይህች ናት።

ርዝመቷ 11 ሜትር ነው። 36 ሰው ወይም አንድ ጂፕና 12 ሰው ትይዛለች፤ በጂፑ ፋንታ የፎገራ በሬዎችን መቁጠር ይቻላል። ሙሉ ጭነት ይዛ ፊቷ ከ70 ሳንቲ ሜትር ያነሰ፣ ኋላዋ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይበቃታል። አራት ሰው ይነዳታል። አብዛኛው አካሏ ብረት አይደለም፣ ኮምፔንሳቶ ነው፤ የሚሠራው ብየዳ በሚያውቅ መርከብ ሠሪ ሳይሆን በአናጺ ነው። ወረታ ላይ አናጺ አይጠፋም።